ከመስመሩ ላይ የሰማሁት

የመሀል ዳኛ ጩኸት ይሰማል፤ የመስመር ዳኛ ግን ቃል ይሰማል። ከተመልካቹ የሚለየኝ አንድ ገመድ ብቻ ስለሆነ ማን ጠጥቶ እንደመጣ፣ ማን ከቤቱ ተኳርፎ እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳለ ዞር ሳልል አውቃለሁ። በሥራ ቀን አምቦ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ባንዲራ ይዤ በምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ሜዳ ላይ መስመር እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ የሚወረወርብኝ ስድብ ሁሉ ስለ ወጥ ነበር። «ሂጂ ወጥሽን ሥሪ!» «ኧረ ሽሮው አረረ!» ኦፍሳይድ ባነሳሁ ቁጥር አንድ የማላውቀው ድስት ያርራል። ሰዎቹ ከዚያ የተሻለ ነገር ማሰብ እንደማይችሉ ስለገባኝ ንቄ ተውኳቸው። ቁጣ የዳኛን እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ንቀት ግን ሥራ አያስፈታም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስድቡ ፋሽን ቀየረ። የቀየረበትንም ቀን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ከወንድሜ ጋር ኳስ የሚያሳይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። የእንግሊዝ ሊግ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የሁለቱም ቡድኖች አምበሎች ተመሳሳይ ፆታ ለሚያፈቅሩ ሰዎች ድጋፍ መግለጫ የሆነውን የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ወጡ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ፣ በየሳምንቱ ለዚያ አምበል ጤንነት ስለት የሚሳል የሚመስለው፣ «እግሩን በሰበረው!» አለ። ሌላው ቴሌቪዥኑ ይዘጋ ብሎ ተነሳ፤ ግን የመግቢያውን ከፍሏልና ተመልሶ ተቀመጠ። ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ያው ጨርቅ ያሰረው አምበል ግብ አገባ። እነዚያው ሰዎች ከወንበራቸው ዘለው ተቃቀፉ። አንዱ የጓደኛውን አንገት ጠምዝዞ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ አንገቱን ሳመው። ወንድሜን አየሁት፤ እሱም እያየ ነበር።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ «ቡሽቲ» የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ተነስቶ ወደ ሜዳችን መጣ። ፋውል ተሠርቶበት የወደቀ ሁሉ ቡሽቲ ሆነ። ሮዝ ታኬታ ያደረገ፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ተቀይሮ ሲወጣ የጓደኛውን ትከሻ ያቀፈ፣ ሁሉም ያንን ስም ተሰጠው። ቀልድ ነው ይሉኛል። ቀልዱ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሳይሰለቹ በየሳምንቱ ይስቁበታል።

ቀልዱን ዜማ ያበጀለት አስጨፋሪያችን ነው። ድምፅ ማጉያ ይዞ ከደጋፊው ፊት የሚቆመው ይህ ሰው የተማረ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነው። በሥራ ቀን ክራባት ያስራል። ጉዳይ ይዤ ቢሮው ስሄድ ከወንበሩ ተነስቶ «አካም ቡልቴ፣ ቲቸር?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቆ ይቀበለኛል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ለአረጋውያን በር ይከፍታል። ጠጪ ቢሆን ወይም ምንም ያላየ ጎረምሳ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እሱ ግን ለእሁዱ የሚሆነውን ግጥም ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስል ይከርማል። ከተማውም «አርቲስቱ» ይለዋል።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ የብጥብጡ ዘመን አልፎ ውድድሩ በተመለሰበት ሰሞን ነው። የወረዳዎቹ ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አምቦና ጌዶ ተገናኙ። አንዱ ጨዋታ እኛ ጋ፣ መልሱ እነሱ ጋ ነው።

የጌዶ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነርስ ነበር። ጌዶ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ማሊያ ይለብሳል። ቀጠን ያለ፣ ሠላሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሲመቱት ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ይሄዳል እንጂ ከዳኛ ጋር አይጨቃጨቅም። አብዛኛው ተጫዋች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሰላም የሚለኝ እንዳዳላለት ነው። እሱ ግን የዚያን ቀን ወደ መስመሩ መጥቶ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፤ ሲሮጡ እግርዎ እንዳይገባ» ብሎኝ ሄደ። ጉድጓዱን በታኬታዬ አፈር ሞላሁበት።

በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ላይ ጌዶዎች ማዕዘን ምት አገኙ። ኳሱ ሲሻማ የአምቦው ተከላካይ ሊገጭ ዘለለ፤ የራሱ በረኛም ሊይዝ ዘለለ፤ የበረኛው ጉልበት የተከላካዩን መንጋጋ አገኘው። ተከላካዩ በያጅ ነው፤ የበርና የመስኮት ብረት ይበይዳል፤ ግዙፍ ሰው ነው። እኔ ካለሁበት መስመር አጠገብ በጀርባው ወደቀና አልተነሳም። ዓይኑ ነጩ ብቻ ይታያል። እጆቹ ወደ ውስጥ ተጨማደዱ። ደረቱን አየሁት፤ አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ መልኩ ተቀየረ።

የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ መጥቶ ፊቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። የጌዶው ነርስ ከወዲያኛው ጫፍ ደረሰና ገፈተረው።

«ውሃ አታፍስበት! አንገቱን አትንኩት!»

ተንበረከከ። የአገጩን አጥንት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ገፋ፤ አፉን ከፍቶ በጣቱ ጠረገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ አፍንጫውን ቆንጥጦ ይዞ አፉን በአፉ ገጠመና ተነፈሰበት። ቀና ብሎ ደረቱን አየ። ደግሞ ተነፈሰበት።

ሜዳው ጸጥ ብሎ ነበር። የሰዎቹ ትንፋሽ ከጀርባዬ ይሰማኛል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«ቀስ በል እንጂ ወንድም፣ ሰው ያያችኋል!»

ሳቁ ከኋላዬ እንደ ጎርፍ መጣ። በኋላ ላይ አንዳንድ ሰው «ድንጋጤ ነው ያሳቃቸው» ሊለኝ ሞክሯል። ድንጋጤ ከሆነ አንዴ ያስቃል፤ ግጥም አያስገጥምም። አስጨፋሪው ግን ወዲያው ከበሮውን አስመታና በሰርግ ዜማ አወረደው።

«ሙሽራው ከአምቦ፣ ሙሽሪት ከጌዶ፣
የወደቀ መስሎን፣ ተኝቷል ለካ ወዶ!»

ሕዝቡ ተቀበለው። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ተቀበሉት። አስተማሪዎች፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያየኋቸው ሰዎች፣ የጸሎት ቤት መዘምራን ጭምር። ወንዶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። ይህ ከተማ ድምፁን ለማሰማት ብዙ ልጆቹን ከፍሏል፤ እኔም የቀበርኳቸው ተማሪዎች አሉኝ። ድምፁ ሲመለስለት ምን እንዳደረገበት በጆሮዬ ሰማሁ።

በያጁ አስለ። አንዴ፣ ከዚያም ደጋግሞ፤ ከዚያ በረጅሙ ሳበና ደረቱ ተነሳ። ነርሱ በጎኑ አስተኝቶ ጭንቅላቱን በጉልበቱ ደገፈው። «ስምህ ማነው? የት ነው ያለኸው?» እያለ ይጠይቀዋል። ዘፈኑ አላቆመም። ወደ መሀል ዳኛው ሮጥኩ።

«ጨዋታውን አቁምና ድምፅ ማጉያውን አስነጥቅ።»

«በምን ሕግ?» አለኝ። የሚያውቀውን ሕግ ነው የጠየቀኝ።

«በስድብ። አትሰማም እንዴ?»

«ኳስ እኮ ነው ቲቸር። እየቀለዱ ነው። የሰው አፍ በምን ልዝጋ?»

በያጁን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ነርሱ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጁ ደግፎ አብሮት ሄደ፤ ቡድኑን ትቶ። ባጃጁ ከሜዳው እስኪወጣ ድረስ በእልልታ ሸኟቸው። ጌዶ ያለ እሱ ተጫውቶ ተሸነፈ። ደጋፊያችን ጨፍሮ ገባ።

በያጁ ከሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ወጣ። እናቱ ከኛ ግቢ ጀርባ ነው የምትኖረው። ነርሱ ስልክ ቁጥሩን ትቶላት ስለነበር በየቀኑ ትደውልለታለች፤ «ኢልማ ኮ» ትለዋለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። እሱም ልጇ ራሱን ያመው እንደሆነ፣ ያስመልሰው እንደሆነ ይጠይቃታል። ለጊዜው ኳስ እንዳይነካ አጥብቆ ነገራት።

ልጇ ግን ሌላ በሽታ ይዞት ነበር። ሱቁ ፊት የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ በሰርግ ምት ጥሩምባ ይነፋል። ሻይ ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ወንበር ይስቡለትና «ባልሽ ደወለ?» ይሉታል። መጀመሪያ ተደባደበ። ከዚያ አብሮ መሳቅ ሞከረ። ከዚያ ሻይ ቤቱን ተወ። እናቱ አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ ወደ እኔ መጣች።

«ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ብሞት ይሻለኝ ነበር› አለኝ። የወለድኩት ልጅ! ሰው አፉን በአፉ ገጥሞ ከሞት መልሶልኝ፣ ‹ብሞት ይሻለኝ ነበር› ይለኛል።»

«ጓደኞቹ ናቸው» አልኳት።

«ጓደኞቹማ ሲወድቅ ቆመው ሲያዩት ነበር።»

ቡና አፈላሁላት።

ጌዶም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። የቡድኑ አሰልጣኝ በጎ ሰው ነው፤ ነርሱን ይወደዋል። የመከረው ግን በመልሱ ጨዋታ አንዲት ልጅ ይዞ እንዲመጣ ነው። ከፊት ወንበር ትቀመጥ፣ ሲጀመር ይሳማት፣ ነገሩ ያበቃል። ይህን የነገረኝ ራሱ አሰልጣኙ ነው፤ በብልሃቱ ኮርቶ።

«እና ምን አለህ?» አልኩት።

«‹ለነሱ ብዬ?› አለኝ። እልኸኛ ነው፣ አዴ። ዲሲ፣ ተይው፣ ምክር አይሰማም።»

ነርሱ እኛ ጋም ጠበቆች ነበሩት። የመምህራን ክፍል ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛ እየመታ «ኧረ ተዉ፣ ልጁ እንደዚያ አይደለም! እጮኛ እንዳለችው ሰምቻለሁ!» ይላል። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጮኛ ካለችውማ ግፍ ነው አሉ።

«እጮኛ ባትኖረውስ?» አልኩ።

«ማለት?»

«እንደምትሉት ቢሆንስ? ያን ጊዜ ዘፈኑ ልክ ይሆን ነበር?»

ባልደረባዬ እኔ ራሴ አንድ ነገር የተናዘዝኩ ይመስል አየኝ። ደወል ተደወለና ሁሉም ጠመኔውን ይዞ ወጣ። ስለ ነርሱ የግል ሕይወት የማውቀው ነገር የለም፤ ጠይቄውም አላውቅም። እነዚያን ሰዎች ከአስጨፋሪው ያላነሰ የናቅኳቸው ግን ያን ቀን ነው። ቢያንስ እሱ በአደባባይ ነው የሚጮኸው።

የመልሱ ጨዋታ ከሳምንታት በኋላ ጌዶ ላይ ሆነ። የጌዶ ሜዳ ከፍታ ላይ ነው፤ ነፋሱ ማሊያ ውስጥ ይገባል። የገበያ ቀን ስለነበር ከብት ሸጠው የጨረሱ ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። የኛ ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ድምፅ ማጉያውን በመስኮት አውጥቶ፣ በጉደር በኩል እየዘፈነ መጣ። በያጁ ከተሰላፊዎቹ መካከል ነበር። ነርሱ ሲያየው ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ሄደ።

«አሁን መጫወት የለብህም» አለው። «ራስህ ገና ነው። ሌላ ምት ቢያገኝህ አደጋ ነው።»

በያጁ ዙሪያውን አየ፤ ማን እንደሚያያቸው። «ከፊቴ ጥፋ» አለው። ከኋላው ከበሮው በሰርግ ምት ጀመረ።

ነርሱ የዚያን ቀን እንደተጫወተው ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ኳሱን በግራ ይዞ ይገባል፤ በያጁን አንዴ በውጪ፣ አንዴ በውስጥ አለፈው። ባለፈው ቁጥር የኛው ደጋፊ በራሱ ተከላካይ ላይ ዞረ። «ሙሽሪት አስደነሰችህ!» «እቤት ለምደህ ነው!» ጨዋታቸው ለቡድናቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ማሸነፍ እንኳ አልፈለጉም። የሚፈልጉት የሚዋረድ ሰው ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግድ አልነበራቸውም።

ከእረፍት በኋላ ኳሱ በእኔ መስመር በኩል መጣ። ነርሱ ኳሱን አሳልፎ ሰጥቶ፣ እግሩ ሥር ምንም ሳይኖር፣ መሮጥ ሊጀምር ሲል በያጁ ከጎን መጣ። በሁለት እግሩ ነው የገባው፤ ታኬታውን ወደ ላይ አድርጎ። ዓይኑን አይቼዋለሁ፤ ኳሱን አልነበረም የሚያየው፤ ኳሱ ሄዷል። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ባንዲራዬን አንስቼ አወዛወዝኩ፤ ጮህኩም፤ የመስመር ዳኛ አይጮህም፤ እኔ ጮህኩ።

ቀይ ካርድ ወጣ። በያጁ ወደ ውጪ ሲሄድ የኛ ሰዎች ገመዱን ዘለው ተቀበሉት። «ወንድ!» አሉት በአማርኛ። «ዲራ!» አሉት በኦሮምኛ። በሁለቱም ቋንቋ ያው ውዳሴ ነው። ትከሻቸው ላይ አወጡት። ያችኑ ሳምንት «ባልሽ» ሲሉት የነበሩት ናቸው። እሱም ከላይ ሆኖ ፈገግ አለ። ሊያለቅስ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ፈገግታ ነው።

ነርሱ መሬት ላይ ሆኖ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ድምፁ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው። ቡድኑ ሊያነሳው ሲረባረብ «ቆይ፣ አታንሱኝ» አለ። «ታኬታውን አታውልቁ። እንዳለ እሰሩት። ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ።» የማዕዘኑን ባንዲራ እንጨት ነቅዬ አመጣሁ። ማሊያ ተቀደደ። የት እንደሚቋጠር፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ እሱ ራሱ እየነገረን አሰርነው። አንድ ከብት ነጋዴ ጋቢውን አውልቆ ከሥሩ አነጠፈለት፤ ስሙንም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ሁሉ ሰው ሳይጠሩት የመጣ እሱ ብቻ ነበር።

ጉዳዩ አምቦ ለሚገኘው የውድድር ኮሚቴ ቀረበ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ወንዶች። የመሀል ዳኛው ስለ ቀይ ካርዱ ተናገረ። ተራው ሲደርሰኝ ጥፋቱ ከካርዱ በፊት እንደሚጀምር ተናገርኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ዘፈኑን አነሳሁ።

ሰብሳቢው እርሳሱን አስቀመጠ። «ደጋፊው ምን አለ ነው የምትይው?»

«ስድብ።»

«ስድብ በየሜዳው አለ። ምን ዓይነት ስድብ?»

ቃሉን አልኩት። ከዚያ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አልኩላቸው፤ ዜማውን ትቼ።

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሰብሳቢው ጆሮው ቀላ።

«ነውር ነው እኮ፣ ቲቸር» አለኝ። «አንቺ ሴት ነሽ፣ መምህርትም ነሽ። እንዲህ ያለ ቃል በስብሰባ ላይ…»

«እርስዎ በዚያ ቀን የክብር መቀመጫ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል።»

«ያ ሜዳ ነው።»

«እዚያ ሲዘፈን ነውር ያልሆነው እዚህ ስናገረው ነውር የሚሆነው እንዴት ነው?»

ስለ ደጋፊው የተናገርኩት ሁሉ «ለውድድሩ ገጽታ ስለማይበጅ» ታለፈ። በያጁ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ቡድኑ ይግባኝ ሲል ግን እገዳው ተነሳለትና ለፍጻሜው ጨዋታ ደረሰ። በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ዝግጅት ላይ አስጨፋሪው «ምስጉን ደጋፊ» ተብሎ ተሸለመ። በክራባት መጥቶ ተቀበለ። አጨበጨቡለት።

ነርሱን አምቦ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሄጄ አየሁት። የበያጁ እናት አብራኝ መጣች፤ ቅቤና እንቁላል ይዛ። ልጇንም አስገድዳ አምጥታው ነበር፤ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እጁን ብትጎትተው አልነቃነቅ አለ። ጥላው ገባች። ነርሱ እግሩ በብረት ተሰቅሎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አልጋው አጠገብ ስትደርስ መሬት ላይ ልትወድቅ ሆነ፤ እጇን ያዛት።

«ሀርሜ፣ ተይ፣ ተነሺ። እናቴ አይደለሽም እንዴ? እናት እንዲህ አታደርግም።»

«በምን ዓይኔ ልይህ?» አለች።

እሱ በሩን አየ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የልጇ ጫማ ጫፍ ይታያል።

«ራሱን ያመዋል?» ሲል ጠየቃት።

«ማንን?»

«እሱን። ማታ ማታ ይተኛል? ብርሃን ሲያይ አይረብሸውም?»

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ነኝ የመለስኩለት። «ይበይዳል» አልኩት። «ቀኑን ሙሉ እሳት ሲያይ ነው የሚውለው።»

«ያቁም በይልኝ ለጊዜው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ በያጁ ኮሪደሩ ላይ አልነበረም።

የነርሱ እግር ዳነ፤ አጥሮ ግን ቀረ። ሲራመድ ያስታውቃል። ኳስ ተወ። ጌዶ ላይ ቆየና ወደ ሸነን ጤና ጣቢያ እንዲያዛውሩት ጠየቀ፤ አዛወሩት። ለምን ብዬ በስልክ ስጠይቀው «ታካሚ ይስቃል» አለኝ። «መርፌ ልወጋው ስል ይስቃል። ሥራ አላሠራ አለኝ።» ከዚያ ኮሮና መጣና ሜዳው ሁሉ ዝም አለ፤ ለእኔ ለጆሮዬ ያ ጸጥታ እረፍት ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ውድድሩ ከተመለሰ በኋላ ዞኑ ለዳኞችና ለአሰልጣኞች የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና አዘጋጀ። እንዲያስተምር የጠሩት ነርሱን ነው። ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በአካባቢው ባለመኖሩ እንጂ ክሰው አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ሱሪውን አራግፎ፣ እያነከሰ ወደ መሀል ወጥቶ፣ ወለሉ ላይ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አስተኛ። ሰው የሚያህል፣ አፉ የተከፈተ። በያጁም ነበር፤ መጫወት አቁሞ የአንድ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ሆኗል። ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል።

ነርሱ እንዴት እንደሚተነፈስ ሊያሳይ ሲያጎነብስ ሳቁ ጀመረ። ጎልማሶች ናቸው፤ ልጆች ያደረሱ። አንዱ ከኋላ የሰርጉን ዜማ በአፍንጫው አንጎራጎረ። ከዓመታት በኋላ! ያቺኑ ግጥም፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩበት።

ነርሱ ቀና አለ። «የሚስቅ ይውጣ» አለ። ድምፁ እንደድሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ቀልዴን አይደለም። ሜዳ ላይ የሚወድቀው ሰው የሚያስቃችሁ ከሆነ እዚህ ምንም የምትማሩት የለም።»

የወጣ የለም፤ አበል ነበረው። ሳቁ ግን ቆመ። ነርሱ ከፊት የተቀመጥነውን ተራ በተራ አስነሳ። መጀመሪያ እኔ ተንበርክኬ ሠራሁ። ከዚያ ሌሎቹ፤ አንዳንዱ አፉን በመሀረብ ጠርጎ፣ አንዳንዱ ዙሪያውን አይቶ። የበያጁ ተራ ደረሰ። መጣ፣ ተንበረከከ፣ ሳያመነታ አገጩን ቀና አድርጎ ተነፈሰ። ደረቱን ሲጫን ነርሱ አጎንብሶ «ክንድህን አታጥፍ» አለው። ክንዱን ዘረጋ። «እንደዚያ። ቀጥል።» ሲጨርስ ተነስቶ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ከተማው ውስጥ እንደ እርቅ የሚያወሩት አሉ። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ ይላሉ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ አልተቃቀፉም፤ ይቅርታ የጠየቀም የለም። በያጁ በምሳ ሰዓት ከሳቂዎቹ ጠረጴዛ ተቀምጦ በላ፤ አንዱ በክርኑ ጎሰም ሲያደርገው እሱም ሳቀ። ያን ጠዋት ላደረገው ነገር ምስጋና የሚሰጡትን አልከለክልም፤ እኔ ግን አሻንጉሊት ላይ ስለተነፈሰ ሰው የማመሰግንበት ቃል የለኝም።

ነርሱ ምሳ አልበላም። ሸነን የሚሄደው መኪና ከሰዓት አይገኝም ብሎ አሻንጉሊቱን በከረጢት ጠቅልሎ ወጣ። መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። ከረጢቱን ልያዝልህ ብለው እንቢ አለኝ። መንገድ ላይ ስለ ሸነን ጭቃ፣ ስለ ጤና ጣቢያው አዲስ ማቀዝቀዣ፣ ስለ አንዲት መንታ የወለደች ሴት አጫወተኝ። ስለ ኳስ አንድም ቃል አላነሳም። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብሎ «እሁድ ሜዳ ትገቢያለሽ?» አለኝ።

«እገባለሁ። ጉደር ላይ ነኝ» አልኩት።

«ሳሩ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል እዚያ» አለኝና ረዳቱ በሩን ዘጋው።